የቴሌግራም ቻናሎችን ለተከታዮቻችሁ በቀጠሮ ፖስት እንዴት ትጠቁማላችሁ?

«ጥሩ ቻናል ሳገኝ ለተከታዮቼ እጠቁማለሁ፤ ግን የሚገባ ሰው የለም። ምን እያጠፋሁ ነው?» ቻናል ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ከዚያ የሚከተለውም አይቀርም፦ «ስንት ሰዓት ላይ ልልቀቀው? በቀጠሮ ብተወውስ?» ለእያንዳንዱ ሰው በኢንቦክስ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ጠቁሙ። ለምን እንደጠቆማችሁት በግልጽ ጻፉ። ጥቆማው ደግሞ ሰው ስልኩን በእጁ በያዘበት ሰዓት ይውጣ። ቀጠሮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እናንተ ለመጻፍ የሚመቻችሁ ሰዓትና ተከታያችሁ ለማንበብ የሚመቸው ሰዓት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። እሑድ ጠዋት ረጋ ብላችሁ የጻፋችሁት ማክሰኞ ማታ ቢወጣ ሁለታችሁንም ይጠቅማል።

ምሳሌዎቹን በሙሉ በቴሌግራም አድርጌያቸዋለሁ፤ ጥያቄው የሚመጣልኝ ከዚያ ነውና። ለሌሎቹ መድረኮች መጨረሻ ላይ ጥቂት አለ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቴሌግራም ያለበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር። አፑ ከቆየ አፕዴት አድርጉት።
- በቻናሉ ላይ ፖስት የማድረግና የማስተካከል መብት። የራሳችሁ ቻናል ካልሆነ ባለቤቱ በአድሚንነት ይህንን ፈቃድ ሊሰጣችሁ ይገባል።
- ሐሳብ የምታጠራቅሙበት ቦታ። የቴሌግራሙ «ሴቭድ መሴጅስ» ይበቃል።
- የእኛን ቀን ከፈረንጆቹ ጋር ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ይሆናል።
- ሊንኩን የሚሞክርላችሁ፣ የምትጠቁሙትን ቻናል ያልተቀላቀለ አንድ ወዳጅ።

ደረጃ 1፦ ቀድማችሁ አጠራቅሙ

የሚጠቅም ቻናል ባያችሁ ቁጥር አንዱን ፖስት ወደ ሴቭድ መሴጅስ ፎርዋርድ አድርጉ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ለማን ይሆናል? ምኑን ወደዳችሁት?

ይህ የሚያስፈልገው «ዛሬ ማንን ልጠቁም?» ብላችሁ በመጨረሻ ሰዓት እንዳትፈልጉ ነው። በጥድፊያ ስትፈልጉ መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ «እባክህ ጠቁመኝ» ብሎ የለመናችሁ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ለተከታያችሁ የሚሆነው ላይሆን ይችላል።

ጉዳዩ ከቻናላችሁ ጋር መዛመዱን እዩ። ስለ ምግብ አሠራር የምትጽፉ ከሆነ የጓሮ አትክልት ቻናል ይስማማል። የመኪና ሽያጭ ቻናል፣ የቅርብ ጓደኛችሁ ቢሆንም፣ አይስማማም። ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ጉዳይ የሚጽፍ ቻናል ለመጠቆም ግን አትፍሩ። ስለ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የምትጽፉ ከሆነ ፊዚክስ የሚያስተምረው ተፎካካሪያችሁ አይደለም፤ ያው ተማሪ ሁለታችሁንም ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ቻናሉን በደንብ ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንን ነው። ተከታያችሁ ሊንኩን የሚነካው የማያውቀውን ቻናል አምኖ አይደለም። እናንተን አምኖ ነው።

ቢያንስ የአንድ ወር ፖስት ወደ ላይ ሄዳችሁ አንብቡ። የላይኛዎቹ ሦስት ፖስቶች ቆንጆ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በታች ግን የውርርድ ማስታወቂያ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ፖስት መቼ እንደወጣም እዩ። ሁለት ወር ዝም ያለ ቻናል ጥሩ ቢሆን እንኳ አሁን አይጠቆምም፤ የገባው ሰው ምንም አዲስ ነገር ሳያይ ይወጣል።

የአባላቱን ብዛት ከቪው ጋር አስተያዩ። 50,000 አባል አለው ተብሎ ፖስቱን 300 ሰው ብቻ የሚያየው ከሆነ አባላቱ የተገዙ ወይም ቻናሉን የተዉ ናቸው። 2,000 አባል ኖሮት 1,200 ሰው የሚያነበው ቻናል በጣም ይሻላል።

የስም ለውጥ ፈልጉ። ቻናሎች ይሸጣሉ፤ ትናንት የመንፈሳዊ መዝሙር የነበረው ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኖ ይገኛል። ቴሌግራም የቻናል ስም ሲቀየር በፖስቶቹ መካከል አጭር ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ አድሚኑ ካላጠፋው ወደ ላይ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ሙሉ በሙሉ ሌላ ጉዳይ ይጽፍ ከነበረ ጥቂት ጊዜ ጠብቁት።

ዩዘርኔሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። ታዋቂ ቻናሎችን አስመስለው የሚከፍቱ አሉ፦ አንድ ፊደል ይደግማሉ፣ የሥር መስመር ይጨምራሉ፣ ወይም «ኦ»ን በዜሮ ይተካሉ። ፎቶውም ስሙም አንድ ዓይነት ስለሚሆን በዓይን አይለይም። ቻናሉ ላይ ቴሌግራም ራሱ «ስካም» ወይም «ፌክ» የሚል ምልክት ከለጠፈበት ጉዳዩ አለቀ።

እነዚህን የሚሸጥ ቻናል ደግሞ ምንም ቢሆን አትጠቁሙ፦ «ፊክስድ ማች»፣ «በቀን እንዲህ ያህል ብር ሥሩ»፣ የብሔራዊ ፈተና መልስ፣ በክፍያ የሚገኝ ቪዛ። በእናንተ ጥቆማ ገብቶ ገንዘቡን የተበላ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው እናንተን ነው፤ እውነትም አለው።

ደረጃ 3፦ ለባለቤቱ ንገሩት

የአደባባይ ቻናል ለመጠቆም ፈቃድ የግድ አያስፈልግም። ግን አሳውቁት። ብዙ ጊዜ «በዚያ ቀን አዲስ ተከታታይ ትምህርት እጀምራለሁ፤ ከዚያ ጋር ይገጣጠም» የሚል መልስ ይመጣል። ያኔ የእናንተ ተከታይ ሲገባ የሚያነበው ትኩስ ነገር ያገኛል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ለእናንተ ብቻ የሚሆን የመጋበዣ ሊንክ። የቻናሉ ባለቤት በቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ «ኢንቫይት ሊንክስ» ገብቶ አዲስ ሊንክ መፍጠርና ስም ሊሰጠው ይችላል። በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ይቆጥርለታል። በዚህ ዓይነት ጥቆማችሁ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን በግምት ሳይሆን በቁጥር ታውቁታላችሁ። ሊንኩ ላይ የጊዜ ገደብም ሆነ የሰው ብዛት ገደብ እንዳያደርግበት ንገሩት፤ ካደረገ ዘግይቶ የሚያነበው ሰው በሩ ተዘግቶበት ይቆማል።

ደረጃ 4፦ ጥቆማውን ጻፉ

መጀመሪያ የማይሠራውን እዩ፦

«በጣም ምርጥ ቻናል ነው!!! ሁላችሁም ጆይን በሉ!! ሼር ሼር ሼር!»

ይህንን ያነበበ ሰው ስለ ቻናሉ ያወቀው ነገር የለም። ስለ ምን እንደሆነ፣ ለእሱ ይሁን ለሌላ፣ ሲገባ ምን እንደሚያገኝ አልተነገረውም። አሁን ደግሞ ይህንን፦

«7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁና ሒሳብ ከከበደው ይህንን ቻናል እዩለት። አንድ መምህር ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ አንድ ጥያቄ በወረቀት ላይ እየሠሩ ፎቶውን ይለጥፋሉ። ቪዲዮ ስላልሆነ ፓኬጅ አይበላም። እኔ የወደድኩት ተማሪ የሚሳሳትበትን መስመር በቀይ ስለሚያከብቡት ነው። ስለ ክፍልፋይ የጻፉትን ፈልጋችሁ ከዚያ ጀምሩ። ማስታወቂያ የለበትም ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ የራሳቸውን የክረምት ትምህርት ያስተዋውቃሉ።»

ልዩነቱ የት ነው? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰውየውን ይመርጣል። የ7ኛ ክፍል ልጅ የሌለው ሰው አልፎ ይሄዳል፤ ይሂድ። ያለው ግን ይቆማል። ቀጥሎ ምን እንደሚያገኝና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኝ ይነግረዋል፤ ሰው ቻናል ከመቀላቀሉ በፊት «በቀን 40 ፖስት እየላከ ይረብሸኛል?» ብሎ ይሰጋልና። ከዚያ የእናንተ የራሳችሁ ምክንያት ይመጣል። ይህ ክፍል ከማንም የማይቀዳ ነው፤ ቻናሉን በእርግጥ እንዳነበባችሁት የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

«ከዚህ ጀምሩ» የሚለውን አትርሱ። አዲስ የገባ ሰው 800 ፖስት ሲያይ ይደክመዋል። አንድ ፖስት ካሳያችሁት ያነባል፤ ካነበበ ይቆያል። በመጨረሻ ደግሞ ጉድለቱን በሐቀኝነት ጥቀሱ። «ድምፁ ጥራት ይጎድለዋል»፣ «ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚለጥፉት» ማለት ጥቆማውን አያዳክመውም። እንዲያውም የቀረውን እንዲያምኑላችሁ ያደርጋል።

ርዝመቱ ስልክ ላይ ሳይንሸራተት ከሚታየው አይብለጥ። ሊንኩን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። ቴሌግራም ከሊንኩ በታች የቻናሉን ስም፣ ፎቶና መግለጫ በሳጥን ያሳያል፤ ስለዚህ ሌላ ምስል መጨመር አያስፈልግም። በጽሑፉ መካከል ሌላ ሊንክ ቀድሞ ካለ ግን ሳጥኑ የዚያን ሊንክ ሊያሳይ ይችላል። የመጋበዣ ሊንክ የምትጠቀሙ ከሆነ የቻናሉን ሙሉ ስም በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ፤ ሊንኩ አንድ ቀን ቢሰረዝ ሰው በስሙ ፈልጎ ያገኘዋል።

ናሙና ማሳየት ከፈለጋችሁ ከቻናሉ አንድ ምርጥ ፖስት ፎርዋርድ አድርጋችሁ ከጥቆማው አንድ ደቂቃ በኋላ እንዲወጣ ቀጠሮ አስይዙለት። ከላዩ የቻናሉ ስም ስለሚታይ እሱን ነክቶ መግባትም ይቻላል። አንዳንድ ቻናሎች ፎርዋርድ ማድረግን ይከለክላሉ፤ ያኔ የፖስቱን ሊንክ ብቻ ተጠቀሙ። ፎርዋርድ በተደረገ ፖስት ላይ የምታዩት ቪው የዋናው ፖስት ድምር ስለሆነ የእናንተን ተከታዮች ብቻ አይቆጥርም። መለኪያችሁ የራሳችሁ ጽሑፍ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ሊንኩን ሞክሩ

ለወዳጃችሁ ላኩለትና እንዲነካው አድርጉ። በእናንተ ስልክ ላይ መክፈቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ እናንተ ቀድሞውኑ አባል ናችሁ። እሱ ዘንድ «ጆይን» የሚል ቁልፍ መጣ? ወይስ አድሚን እስኪፈቅድ ጠብቅ አለው? መጠበቅ ካለ በጥቆማው ላይ ጻፉት።

ደረጃ 6፦ ቀንና ሰዓት ምረጡ

በአገር ቤት ላለ ተከታይ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ያለው ማታ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ ነው ያልኩት የእናንተው ተከታይ ሌላ ልማድ ሊኖረው ስለሚችል ነው። የቀድሞ ፖስቶቻችሁን ተመልከቱ፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቶሎ ቶሎ የታዩት በስንት ሰዓት የወጡት ናቸው? እሱን ተከተሉ።

ተከታዮቻችሁ ውጭ አገር ከሆኑ ሒሳቡ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ሰዓቱ ያው የእኛው ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እስራኤል በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ሮምና ስቶክሆልም በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ለእነሱ የምሳ ሰዓት አካባቢ ይውላል። ስለዚህ አገር ቤትንና ዲሲን በአንድ ፖስት ማግኘት ይቻላል። ሲያትልን ጨምራችሁ ከፈለጋችሁ እዚያ ገና ረፋድ ነው። በአረብ አገር ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶች የሚበዙበት ቻናል ከሆነ ግን ሥራቸው እስኪያልቅ አምሽታችሁ ልቀቁት።

ወቅቱንም አስቡበት። የጾም ምግብ ቻናል ሁዳዴ ከመግባቱ ጥቂት ቀን ቀድሞ ቢጠቆም ሰው ይፈልገዋል፤ ፋሲካ ማግስት ግን ማንም አይነካውም። በረመዳን ለሙስሊም ተከታዮች ማፍጠሪያው አካባቢ አትልቀቁ፤ ከተራዊህ በኋላ ይሁን። የትምህርት ቻናል ከሆነ ጳጉሜንና የመስከረም መጀመሪያ ወላጅ ሁሉ ስለ ትምህርት የሚያስብበት ጊዜ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር መጣ፤ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር። ቴሌግራም የሚያሳያችሁ የፈረንጆቹን ነው። የእኛን ሰዓት ለመቀየር 6 ጨምሩ፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ያለው «ኤ.ኤም» ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያለው «ፒ.ኤም»።

- ከጠዋቱ 1 ሰዓት፦ 7፡00 ኤ.ኤም
- ከቀኑ 8 ሰዓት፦ 2፡00 ፒ.ኤም
- ከምሽቱ 2 ሰዓት፦ 8፡00 ፒ.ኤም። ስልካችሁ በ24 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ 20፡00

«ምሽት 2 ሰዓት» አስባችሁ 2፡00 ፒ.ኤም ከመረጣችሁ ፖስቱ በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። 2፡00 ኤ.ኤም ከመረጣችሁ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰው ስልክ ይጮኻል።

ሌሊት ላይ ቀኑም ያሳስታል። ለእኛ «ዓርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ያው ዓርብ ነው፤ ስልኩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወደ ቅዳሜ ተሻግሯል። ለበዓል ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ ካላንደሩን እዩ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 12 ነበር። በቃል አትተማመኑ።

ደረጃ 7፦ ቀጠሮውን አስይዙ

1. ቻናላችሁን ክፈቱና ጽሑፉን መጻፊያው ላይ አስቀምጡ። አትላኩት።
2. የመላኪያውን ምልክት፣ የወረቀት አውሮፕላን የሚመስለውን፣ ተጭናችሁ ያዙ። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ንኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ከነካችሁት ወዲያው ይወጣል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።
3. ከሚመጣው ዝርዝር «ስኬጁል መሴጅ» የሚለውን ምረጡ።
4. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኤ.ኤም ወይም ፒ.ኤም መሆኑን ምረጡ። ታች ያለው ቁልፍ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይታያል። ከመንካታችሁ በፊት ድምፃችሁን አውጥታችሁ በአማርኛ ሰዓት አንብቡት፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት»። ስህተት ካለ እዚህ ጋ ይያዛል።
5. ንኩት። ፖስቱ በተለየ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ተከታዮች አያዩትም። በኋላ መጻፊያው አጠገብ በሚመጣው ትንሽ ምልክት ገብታችሁ ታገኙታላችሁ።
6. ማስተካከል ከፈለጋችሁ እዚያው ፖስቱን ንኩ። ጽሑፉን መቀየር፣ ሰዓቱን ማዛወር፣ ወዲያው መላክ ወይም መሰረዝ ይቻላል።

ቀጠሮ የተያዘለት ፖስት የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ስልካችሁ ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ባይኖራችሁ በሰዓቱ ይወጣል። በአንድ ቻናል እስከ 100 ፖስት፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ለጥቆማ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በላይ አትሂዱ። የፈተሻችሁት ቻናል በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ቀጠሮውን በያዛችሁበት ስልክ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ዱባይ ሆናችሁ 8፡00 ፒ.ኤም ካላችሁ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይወጣል።

በሳምንት አንድ ጥቆማ ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሰው ቻናላችሁን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያየዋል። ቀኑን ቋሚ ማድረግ ጥሩ ነው፤ «የማክሰኞ ጥቆማ» ሲለመድ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል። ሌሎች አድሚኖች ካሉ የያዛችሁትን ሰዓት ንገሯቸው፤ ጥቆማችሁ ወጥቶ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ ፖስት ከላዩ እንዳይጭኑበት።

ደረጃ 8፦ በዕለቱ ጠዋት እዩት

አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን አትዝለሉት። የምትጠቁሙትን ቻናል ክፈቱና የትናንቱን ፖስት አንብቡ። ሊንኩ ይሠራል? በቻናሉ ላይ አዲስ ውዝግብ አለ?

ሁለተኛው ነገር የአገሩ ሁኔታ ነው። ከባድ አደጋ ወይም ሐዘን በተሰማበት ቀን «ይህንን የቀልድ ቻናል እዩ» የሚል ፖስት በራሱ ሲወጣ ሰው በጣም ይከፋዋል። ፖስቱ ቀኑን አያውቅም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ገብታችሁ በሳምንት አዛውሩት። ምንም የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ደረጃ 9፦ ከወጣ በኋላ

ፖስቱ ሲወጣ ቴሌግራም ያሳውቃችኋል። ሲመቻችሁ ገብታችሁ በትክክል መታየቱን እዩ። የኮሜንት መስጫ ከከፈታችሁ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠየቀውን መልሱ፤ «ለ6ኛ ክፍልስ ይሆናል?» የሚል ሰው መልስ ካገኘ ይገባል፣ ካላገኘ ይረሳዋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የፖስቱን ቪው፣ በእናንተ ሊንክ የገባውን ሰው ብዛት፣ የወጣበትን ሰዓት። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ከገቡት ስንቱ ሳይወጡ እንደቆዩ ባለቤቱን ጠይቁት። ቪው ብዙ ሆኖ የገባው ሰው ጥቂት ከሆነ ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው ወይም ቻናሉ ለተከታያችሁ አይሆንም። ቪው ራሱ ዝቅ ካለ ሰዓቱን ቀይሩ። ገብተው ቶሎ ከወጡ ጽሑፉ ቻናሉ የሌለውን ነገር ተስፋ ሰጥቷል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሰዓቱንም ጽሑፉንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ደረጃ 10፦ የቆዩ ጥቆማዎችን መልሳችሁ እዩ

በየሦስት ወሩ የድሮ ጥቆማዎቻችሁን ሊንክ አንድ በአንድ ክፈቱ። ቻናል ሊሸጥ እንደሚችል ከላይ ብያለሁ። ከዚያ የባሰም አለ። አንድ ቻናል ዩዘርኔሙን ሲተወው ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ያኔ የእናንተ የቆየ ጥቆማ ሳትነኩት ወደማታውቁት ቻናል ሰው መላክ ይጀምራል። በቻናላችሁ ላይ የቆየ ፖስት ማስተካከል ስለምትችሉ ሊንኩን አንሱትና «ይህ ቻናል ተለውጧል፤ አሁን አልጠቁመውም» ብላችሁ ጻፉበት። ዝም ብሎ ከማጥፋት ይህ ይሻላል፤ ቀድሞ የገባው ሰውም ያውቃል።

ማስጠንቀቂያዎች

- ገንዘብ ከተቀበላችሁ ጥቆማ አይደለም። ከላዩ «ማስታወቂያ» ብላችሁ ጻፉ። «እኔም እጠቁምሃለሁ» ተባብላችሁ ከሆነም ያንኑ ግለጹ። ተከታይ ቆይቶ ከሌላ ሰው ቢሰማው የቀደሙትን ጥቆማዎች ሁሉ ይጠራጠራል።
- ፎርዋርድ የምታደርጉት ፖስት እውነት መሆኑን አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። «እኔ አልጻፍኩትም» ብላችሁ አትዘናጉ።
- የግል ሰው አካውንት ሳታስፈቅዱ አትጠቁሙ። ቻናል ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ለጓደኞቿ ብቻ ፎቶ የምትለጥፍ ልጅ ግን ብዙ የማታውቀው ሰው እንዲመጣባት አልጠየቀችም።
- ቀጠሮ ልያዝላችሁ ለሚል የማታውቁት ቦት የአድሚን መብት አትስጡ። ቴሌግራም ራሱ ይህንን በነፃ ይሠራል፤ መብቱን ያገኘ ቦት ግን በስማችሁ የፈለገውን መለጠፍ ይችላል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

አሥር ቻናል በአንድ ፖስት መደርደር ዋናው ነው። አንባቢው የትኛውን እንደሚነካ ስለማያውቅ አንዱንም አይነካም፤ እናንተም ስለ አሥሩ አንድ አንድ ቃል ከመጻፍ በላይ ቦታ የላችሁም። በአንድ ሊንክ ብዙ ቻናል የሚያስገባው ፎልደር ደግሞ የባሰ ነው። ቁጥር ቶሎ ይጨምራል፤ ግን ሰው ያልመረጠው ቻናል ስለሚጨናነቅበት ዝም ያሰኘዋል ወይም ይወጣል። ፎልደር የምትሠሩ ከሆነ ሁሉንም ራሳችሁ ፈትሻችኋቸው፣ ለአንድ ዓላማ የሚሆኑ ጥቂት ቻናሎች ይሁኑ።

ሌላው የባለቤቱን ማስታወቂያ እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ነው። ተከታያችሁ የእናንተን አጻጻፍ ያውቃል፤ ድምፁ ሲቀየር ወዲያው ይገባዋል።

ያንኑ ጥቆማ በየሳምንቱ መድገምም አይሠራም። ያልገባው ሰው አይቶት ትቶታል። ድጋሚ መጠቆም ካስፈለገ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ፣ በአዲስ ምክንያት ይሁን፦ «ያኔ የጠቆምኳችሁ ቻናል አሁን የፈተና ጥያቄዎችን መሥራት ጀምሯል»።

ከባድ ቪዲዮ አያይዞ መልቀቅ የብዙ ሰው ፓኬጅ ላይ መፍረድ ነው። ጽሑፍ ይበቃል።

በሌሎች መድረኮች ላይ

ደረጃ 1፣ 2፣ 4 እና 8 የትም ቢሆን ያው ናቸው። የሚለየው ቀጠሮ የሚያዝበት መንገድ ነው። ለፌስቡክ ገጽ «ሜታ ቢዝነስ ስዊት» ውስጥ ገብታችሁ ፖስቱን ስታዘጋጁ የቀጠሮ ምርጫ ታገኛላችሁ። ኢንስታግራም ላይ አካውንቱ የቢዝነስ ወይም የክሪኤተር መሆን አለበት፤ እስከ 75 ቀን ድረስ ማስቀመጥ ይቻላል። ኢንስታግራም ፖስት ሥር የምትጽፉት ሊንክ አይነካም። ስለዚህ አካውንቱን በ@ ጠቅሱት፤ እሱ ሲነካ ይከፍታል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የምትለቁ ከሆነ ከኮምፒውተር ስትጭኑ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል፤ የምትጠቁሙትን አካውንት ስም በቪዲዮው ላይም በጽሑፍ አሳዩት፣ ሰው ድምፁን ዘግቶ ቢያይ እንዳያመልጠው።